ፊቷን ያላዞረችው ሐኪም

የጥርስ ሐኪሟ ደክሟታል። ድካሙ ደግሞ ተኝተው የሚነሱለት ዓይነት አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ሰው አፍ ላይ ስታጎነብስ ትውልና ወገቧን ይዛ ቀና ስትል ሌላ አፍ ተከፍቶ ይጠብቃታል። ቤት ስትገባ ለእናቷ እንኳ የምትተርፍ ቃል የላትም። «የሰው አፍ ስታዪ ውለሽ የራስሽ ተዘጋ» ይሏታል እናቷ፣ ግማሹን በቀልድ፣ ግማሹን ከልባቸው።

እሱ የመጣው እንዲህ ባለ ቀን ማምሻውን ነው፤ የመጨረሻው ታካሚ ሆኖ። መኪና ቀለም ቀቢ ነው። ጋራዥ ውስጥ «ዝምታ» ይሉታል። ሲናገር አፉን በእጁ ይከልላል፤ ከሆነለት ጭራሽ አይናገርም።

ወንበሩ ላይ ጋደም ብሎም እጁን ከአፉ አላነሳም።

«ወንድሜ፣ በእጅዎ ውስጥ አሳልፌ ማየት አልችልም» አለችው።

ፈገግ ሊል ዳድቶት ተወው። ከዚያ እጁን አወረደ።

የፊት ድዶቹ ቀልተው አብጠዋል፤ ገና ሲነኩ ይደማሉ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ግን ጥርሱን ተግቶ የሚቦርሽ ሰው መሆኑ ያስታውቃል፤ ግራ የገባትም እሱ ነው።

«ጠዋት ሲነሱ አፍዎ ይደርቃል?»

«እንደ ካርቶን።»

«ሲተኙስ አፍዎ ተከፍቶ ነው? የሚያይዎት ሰው አለ?»

ይህን ጥያቄ ለሁሉም ትጠይቃለች። ሰዎቹ ስቀው «ባለቤቴን ጠይቂያት» ይሏታል። እሱ ጣሪያውን አየ።

«የሚያየኝ ሰው የለም» አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «ዶክተር፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይሸታል?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ነገሩን ታለሳልሰው ነበር። ያን ዕለት ለማለሳለስም አቅም አልነበራትም።

«አዎ፣ ይሸታል» አለችው። «ጥፋቱ ግን የእርስዎ አይደለም። በአፍዎ ስለሚተነፍሱ ምራቅዎ ይደርቃል። አፍን የሚያጥበው፣ ጥርስን የሚጠብቀው ምራቅ ነው። እሱ ሲደርቅ ድድ ይቆጣል፣ ጥርስ ይበላሻል፣ ትንፋሽም ይለወጣል። በአፍንጫዎ ይተንፍሱ፤ አፍዎን ዘግተው ይተኙ።»

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሲመጣ የከንፈሩ ዙሪያ ተላልጦ ነበር።

«ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?»

«ዘግተህ ተኛ አላሉኝም? ዘጋሁት።»

«በምን?»

«በፕላስተር።»

ቀለም ሲረጭ የመኪና መስታወት የሚሸፍንበት የወረቀት ፕላስተር ነው። ጠርዙን አስተካክሎ፣ በጣቱ ተጫን ተጫን አድርጎ፣ እንደ ሥራው ጥንቅቅ አድርጎ ለጥፎታል። በእንቅልፉ መሃል ትንፋሽ ሲያጥረው ከነቆዳው ገሽልጦ ጣለው።

«ሰውዬ፣ ታፍነው ሊሞቱ ነበር እኮ!» ጮኸች። ከዚያ አንዱን የአፍንጫ ቀዳዳ በጣቱ ይዞ እንዲተነፍስ አዘዘችው። በአንዱ በኩል ምንም አየር አያልፍም፤ በሌላው እንደ ነገሩ ያፏጫል። የሐኪሟ ትከሻ ወረደ።

«መጀመሪያ ይህን ማየት ነበረብኝ» አለች። «ደክሞኝ ነው። ድካም ሰበብ ባይሆንም።»

«ያስታውቃል» አለ ዝምታ። «እርስዎም እኮ በአፍዎ ነው የሚተነፍሱት። ከማስኩ ሥር ይሰማኛል።»

ይህን እስከዚያ ቀን የነገራት ሰው አልነበረም። ዓይኖቿን ከዓይኖቹ ላይ ለማንሳት ጊዜ ወሰደባት።

«ግን በፕላስተር ለመለጠፍ ምን አስቸኮለዎት?»

እጁ ወደ አፉ ሊሄድ ጀምሮ ተመለሰ። «ተጫጭቼ ነበር» አለ። «ልጅቷ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣትም። ብቻ ባወራኋት ቁጥር ፊቷን ዞር ታደርጋለች። በመጨረሻ እንደዞረች ቀረች። ከዚያ ወዲህ ሰው አልቀርብም። ፊቱን ሳያዞር የሚቀርበኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። እርስዎም በማስክ።»

የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ላከችው።

አፍንጫው ውስጥ የበቀለ ሥጋ ተገኝቶ ወጣለት። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ለድዱ ወደ እሷ ይመላለስ ጀመር። ድዱ ቀስ በቀስ ቀለሙን መለሰ። ከንፈሩ ለሰለሰ። እጁ ግን ከልማዱ አልወጣም፤ በር ላይ ሰው ሲያገኝ አሁንም አፉን ይከልላል።

የሐኪሟ ድካም እንደነበረ ነው። ሆኖም የመጨረሻው ታካሚ እሱ በሆነበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ሰዓቷን ቶሎ ቶሎ እንደምታይ ልብ አለች። ደነገጠች። ነገሩ በዚህ መቀጠል እንደሌለበት ገባት።

«ከዛሬ ጀምሮ የሚያይዎት ባልደረባዬ ነው» አለችው በሚቀጥለው ጊዜ፣ ጓንቷን እያወለቀች።

ዝምታ ከወንበሩ ተነሳ። እጁ አፉ ላይ ተመለሰ።

«ገባኝ ዶክተር» አለ፤ ወጣም።

ተከተለችው። ከነጋዋኗ፣ ከነጭምብሏ ደረጃውን ወርዳ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ደረሰችበት። ሰዎች አዩዋት።

«አልገባህም» አለችው፤ አንቱታውን የት እንደጣለችው እንጃ። «የማክመውን ሰው መናፈቅ ጀምሬያለሁ። ነውር ነው። ሌላ ሐኪም ያክምህ፤ እኔ...»

ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አቃታት። በምትኩ ጭምብሏን አወለቀች።

የላስቲኩ ምልክት ጉንጯ ላይ ሰምሯል። ከላይ ከፊት ጥርሶቿ አንዷ ጎረቤቷ ላይ ወጥታለች።

«እንዳትስቅብኝ። የሰው ጥርስ ሳቃና የራሴን የማቃናበት ጊዜ አጣሁ።»

ከዚያ ቀረበችው፤ ትንፋሹ ፊቷ ላይ እስኪያርፍ ድረስ።

«አሁን እጅህን አውርድና ተናገር» አለች። «ፊቴን ካዞርኩ ሂድ።»

እጁን አወረደ። ለዚህ ቀን ያጠራቀመው ቃል ሁሉ የት እንደገባ አያውቅም። ከፊቱ ያለው ከሥሩ የጠቆረ የሁለት ዓይን ድካም ብቻ ነው።

«ደክሞሻል» አላት።

ፊቷን አላዞረችም። እንባዋ መጣ።

«በጣም» አለች።

አውቶቡሱ መጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ብዙ ሳይሄዱ ጭንቅላቷ ትከሻው ላይ ወደቀ። እንዳይቀሰቅሳት ብሎ ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ በአፍንጫው ቀስ እያለ ሲተነፍስ ቆየ። መውረጃው አለፈው፤ አልተነሳም።

አውቶቡሱ ሲያንገጫግጫት ነቃች። አገጯን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«አፌ ተከፍቶ ነበር?»

«ተከፍቶ ነበር።»

«አየኸኝ?»

«አየሁሽ» አላት። «ተኚ።»