ውሃ የጠጣው ጣሪያ

የፖሊስ መቶ አለቃ ሀብተ ሥላሴ ሬሳው ዘንድ ሲደርስ መጀመሪያ ያደረገው ካፖርቱን ማውለቅ ነበር። አላለበሰውም ገና፤ በክንዱ ይዞ አጠገቡ ተንበረከከ።

ሟቹ ኢንጂነር መርስዔ ኀዘን ነው። ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በጣና ዳር ለሚሠራው የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን ኃላፊ ነበር። ሰኞ ማለዳ ከሕንጻው ግርጌ በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ። ከበላዩ ቅዳሜ የተሞላው የጣሪያ ሲሚንቶ፣ ሶሌታው፣ አለ፤ የወደቀው ከዚያ ነው። አዲሱ ሲሚንቶ ፀሐይ መትቶት እንዳይሰነጠቅ በጆንያ ተሸፍኗል፤ ጆንያው አሁንም ርጥብ ነው።

ሀብተ ሥላሴ ሬሳውን ቀና አደረገው። ከሥሩ ያለው አፈር ደረቅ ነው። በኮቱ ጀርባ ላይ ግን ነጫጭ ጠብታ ደርቋል፤ ጧፍ የነጠበበት ይመስላል። ይህን ካየ በኋላ ካፖርቱን አለበሰው።

«ማን አገኘው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ ዘበኛው አዘዘ። አንገቱ ላይ የውሃ ፓምፑ ቁልፍ ከማዕተቡ ጋር ታስሯል። «ትናንት ቀኑን ሙሉ ከዚህ አልተነቃነቅሁም። ሶሌታውንም በፓምፑ አጠጣሁ።»

«ታዲያ ሲወድቅ አልሰማህም?»

አዘዘ ወደ ሶሌታው ቀና ብሎ አየ።

«ከራሱ አፍ ወጣ!» አለ የግንባታው የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ አምሐ። «እዚህ ነበርሁ ይላል፤ ኢንጂነሩ እዚህ ሞቷል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ? አሻጥረኛ ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ጨርስና አስረክበኝ።»

በዚያ ዓመት እነ ጓድ አምሐ የተረከቡት ሰው ተመልሶ ሲመጣ አይታይም ነበር። ሀብተ ሥላሴ «እሺ» አለ። እሺ ያለ ሰው አይጨቀጨቅም፤ ሥራውን ይሠራል።

መሰላሉን ወጥቶ ሶሌታውን ዞረው። ጆንያው ጫፍ ለጫፍ ተደራርቧል፤ ነፋስ እንዳይገልጠው በየዳሩ ድንጋይ ተጭኖበታል። ከሐይቁ ዳር የሚበቅለው ደንገል ብጥስጣሹ እዚህም እዚያም ተለጥፎበታል። አንዷን አንሥቶ አየና ወረደ። ፓምፑ ዘንድ ሄደ። የፓምፑ አፍ ወንፊት አለው፤ ደንገል አያሳልፍም። ከውሃው ዳር ሸካራ የቃጫ ገመድ የታሰረበት ባልዲ ወድቋል።

አካሉ የተባለውን ወጣት መሐንዲስ በቢሮው ጎጆ አገኘው። አካሉ ሁለት እጁን እያፋተገ ይናገራል።

«ኢንጂነሩን ይወዱት ነበር?»

«ማን ይወደዋል? እኔ እዚህ በምደባ ነው የመጣሁት መቶ አለቃ። ስመረቅ ስሜ ባሕር ዳር ላይ ወጣ፤ አለቀ። ሸገር የለመደ ሰው ከትንኝ ጋር! መልቀቂያ ስጠኝ ብለው ሳቀብኝ። ግን ለመልቀቂያ ሰው ይለመናል እንጂ አይገደልም።»

«ትናንትስ?»

«ሐሙሲት፣ ሻይ ቤት፤ ከሹፌሮች ጋር ካርታ ስጫወት ዋልኩ።»

«ሶሌታው ዛሬ ሳይጠጣ ቢውል ምን ይሆናል?»

«ይሰነጠቃላ» ትከሻውን ነቀነቀ። «የፈረመው ሰው ሞቷል፤ ማን ይጠየቃል?»

«እርስዎ የሙያ ፈቃድ የለዎትም?»

«አልቸኩልም። ፈቃድ ያለው ይፈርማል፤ የፈረመ ይጠየቃል። ፈቃድ የራባት ፀሐይወርቅ ናት። ፈቃድ ያለው አለቃ ‹በኃላፊነት ሠርታለች› ብሎ ካልመሰከረላት አዲስ አበባ አይሰጧትም። እሱ ደግሞ በየዓመቱ ‹ረዳት ናት› ይላል። ሕንጻውን ያቆመችው እሷ፣ ፊርማው የእሱ።»

መሐንዲሷ ፀሐይወርቅ ንድፍ ከተዘረጋበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆማለች። ሻይ ይዛለች፤ ብርጭቆውን በጣቶቿ ጫፍ ብቻ። የማክሰኝት ልጅ ናት፤ ንግግሯ ረጋ ያለ ነው።

«ትናንት የት ዋሉ?»

«ራሴን አሞኝ ቤቴ ተኛሁ።»

«ስለ ፈቃዱ ሰማሁ።»

«ሰው ወልዶ ያሳደገው ልጅ በሌላ ሰው ስም ሲጠራ አይተዋል? እንደዚያ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተዉትም?»

ፀሐይወርቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ካሳፎርማ ሲፈታ አይተው ያውቃሉ? ሲሚንቶውን ደግፎ የያዘው እንጨት አንድ በአንድ ይነሣል፤ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ ሶሌታው ብቻውን ይቆማል። ያን ያየ ሰው አይተወውም።»

ሀብተ ሥላሴ እስክትጨርስ አዳመጣት። ሰው ስለሚወደው ነገር ሲናገር ማቋረጥ አይሆንለትም፤ ደግሞም አዘነላት።

አዘዘን ከዋርካው ሥር ለብቻው አስቀመጠው።

«አያ አዘዘ፣ ትናንት አስተርእዮ ማርያም ነበረች። ማዕተብህ ላይ የገዳም እምነት ተቀብቷል፤ ገና አልረገፈም።»

አዘዘ ማዕተቡን ጨበጠ። «ቅዳሜ ማታ በታንኳ ወደ ደሴቱ ገዳም ተሻገርሁ ጌታዬ፤ ስለት ነበረብኝ። ዛሬ ማለዳ ነው የተመለስሁት።»

«የፓምፑ ቁልፍስ?»

«አንገቴ ላይ ነበር፤ ረስቼው። ሶሌታው ደረቀ ብዬ እያለቀስሁ ስመጣ ጆንያው ርሶ አገኘሁት። እመቤቴ ያጠጣችልኝ መሰለኝ!»

ሀብተ ሥላሴ ፈገግታውን በእጁ ሸፈነ። «እመቤታችን ባልዲ አትጎትትም። ለምን ዋሸህ?»

«ጥበቃ ጥሎ ቤተ ክርስቲያን ሄደ እንዳልባል።»

«ከቅጣት ስትሸሽ ሞት ውስጥ ገብተህ ነበር፣ አንተ ሰውዬ።»

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሁሉንም ሶሌታው ላይ ሰበሰባቸው። ሐኪሙ ገና ስላልመጣ ሬሳው ከታች አልተነሣም። ፀሐዩ ከረር ብሏል፤ ከጆንያው እንፋሎት ይነሣል።

«ጨርሰሃል?» አለ ጓድ አምሐ።

«ጨርሻለሁ። ይህ ጆንያ የራሰው ትናንት ነው። የራሰውም ኢንጂነሩ ከሞተ በኋላ ነው፤ ከሥሩ ያለው አፈር ደረቅ፣ ጀርባው ግን ከዚህ በተንጠባጠበ የሲሚንቶ ውሃ ነጥቧል። ሬሳው ከታች ተኝቶ፣ አንድ ሰው ከላይ ሶሌታ ያጠጣ ነበር።»

«ዘበኛው ነዋ! እኔ አጠጣሁ አላለም?»

«በፓምፑ ነው ያለው። ጆንያው ላይ ደንገል አለ፤ የፓምፑ ወንፊት ደንገል አያሳልፍም። ውሃው በባልዲ ነው የተቀዳው። አዘዘ ቢሆን ቁልፉን ይዞ ባልዲ ለምን ይጎትታል? ቁልፉ ከሱ ጋር ባሕር ተሻግሮ ነበር፤ ካህናቱ ይመሰክሩለታል። ያጠጣው ቁልፍ የሌለው ሰው ነው። ደግሞስ ጓድ፣ አሻጥረኛ ሶሌታ ያጠጣል? ደርቆ ቢፈነዳ አይደል ደስታው?»

ጓድ አምሐ ርጥቡን ጆንያ በጫማው ጫፍ ነካው።

«ገዳይ ይሸሻል። ይህ ገዳይ ግን አልሸሸም፤ ይህ ሁሉ ሜዳ እስኪርስ ከሬሳው አጠገብ ተመላለሰ። ሶሌታው ቢሰነጠቅ የማይችለው ሰው ነው። አቶ አካሉ ቢሰነጠቅ ግድ የላቸውም፤ እጃቸውም ሲፋተግ አየሁት፣ ምንም አልነካውም። ያ የቃጫ ገመድ ግን ያልለመደ መዳፍ ይልጣል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኅቴ፣ ብርጭቆውን ለምን በጣትሽ ጫፍ ያዝሽው?»

ፀሐይወርቅ እጇን ከኪሷ አወጣች። ሁለቱም መዳፏ በገመድ ተልጧል።

«ትናንት ሶሌታውን ልይ ብዬ ስመጣ እሱም መጣ» አለች። «‹ከነገ ጀምሮ ንድፍ ክፍል ትገቢያለሽ፤ ይህን አካሉ ይጨርሰዋል› አለኝ። እዚህ ጋ ነበር የቆመው። ገፋሁት። ወርጄ ሳየው ትንፋሽ የለውም። ልሄድ ስል ጆንያው ደርቆ አየሁት… አዘዘም የለም።»

«አዘዘ አጠጣሁ ማለቱን ሰማሽ። ዝም አልሽ።»

«ዝም አልሁ።»

«ከዚህ ሁሉ ጆንያ አንዱን እንኳ አንሥተሽ ሰውየውን አላለበስሽውም።»

ፀሐይወርቅ ያኔ ነው ያለቀሰችው። «ሲሚንቶውን ብቻ ነው ያየሁት» አለች። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ እሱን አላየሁትም።»

ጓድ አምሐ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዘበኛውስ? ጥበቃ ጥሎ ሄዷል!»

«ከደመወዙ ይቆረጥ» አለ ሀብተ ሥላሴ። «ከነፍሱ አይቆረጥም።»

አዘዘ ተንበርክኮ መሬት ሳመ። ከመቶ አለቃው ጋር የመጡት ፖሊሶች ፀሐይወርቅን መሐል አስገብተው ወደ መኪናው ሲወስዷት፣ ከደጁ ላይ ቆም አለች።

«መቶ አለቃ… ጆንያው እየደረቀ ነው።»

ሀብተ ሥላሴ ወደ አዘዘ ዞሮ በአገጩ ብቻ ጠቆመው። አዘዘ ቁልፉን ከማዕተቡ ፈታ፤ ፓምፑ አጓራ። እሷ መኪናው እስኪንቀሳቀስ ድረስ ጆሮዋን ወደዚያ ጥላ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ከሶሌታው ዳር ውሃ መንጠባጠብ ጀመረ። ሀብተ ሥላሴ ጠብታው ሬሳውን ባለበሰው ካፖርቱ ላይ ሲወርድ እያየ፣ ለሟቹም ለእሷም፣ በልቡ አባታችን ሆይ ደገመ።