የታናሽ ወንድም ድርሻ

ፍርድ ቤት የሾመው ንብረት ጠባቂ በአናጢ ቤቱ የቫርኒሽ ክፍል ውስጥ፣ ከወደቀ ቁም ሳጥን ስር በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። የቁልፎቹ ቀለበት ከቀበቶው አልወለቀም። ዘበኛው ጠዋት በሩን ገርበብ ብሎ አይቶ ገፋ አደረገውና ያየውን አየ። ከዚያ በኋላ ጩኸቱ ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰበ እንጂ ለሟቹ ያለቀሰ አንድም ሰው አልነበረም።

መርማሪው ሲደርስ የጣቢያው አዛዥ ነገሩን ጨርሶ ጠበቀው። መርማሪውን ባልደረቦቹ «ወንፊት» ይሉታል፤ ወሬው ሁሉ ሲያልፍ ጠጠሩ እሱ ዘንድ ይቀራል። ስሙን አይወደውም። እሱ የማይወደው ነገር ብዙ ነው፤ ሬሳ ሳይነሳ ፍርድ የሚሰጥ አለቃ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያንገሸግሸዋል።

«ቁም ሳጥኑ አይደለም የገደለው» አለ አዛዡ። «ከኋላ ጭንቅላቱን ተመትቷል። መምቻው ይኸው፣ የእንጨት መዶሻ፤ የሴትየዋ ነው። ከሟቹ ጋር እሳትና ጭድ እንደነበሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኩለ ቀን ላይ እወስዳታለሁ።»

«እስከዚያ ጊዜ አለኝ ማለት ነው» አለ ወንፊት።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ቀረ። መስኮቶቹ ተዘግተዋል። መሀል ላይ አዲስ ቫርኒሽ የተቀባ ትልቅ የምግብ ጠረጴዛ ቆሟል። ወለሉ ጥርት ብሎ ተጠርጓል፤ አናጢ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ወለል አይቶ አያውቅም። ጠረጴዛውን በጣቱ ዳሰሰው፤ ደርቋል፣ ግን እንደ ድመት ምላስ ይሻክራል። ጎንበስ ብሎ ጠርዙን ሲያይ ቀጭን ጨርቅ ተለጥፎ የተላቀቀበት ቦታ አገኘ፤ የሽመናው መስመር ቫርኒሹ ላይ ቀርቷል። መጥረጊያው ከበሩ ጀርባ ጭራው ወደ ላይ ተደርጎ ምስማር ላይ ተሰቅሏል።

የቤቱ ዋና አናጢ ሴት ናት። ሠራተኞቹም ወንድሟም «እትዬ» ይሏታል። ሽርጧን እንደታጠቀች መጋዙ አጠገብ ቆማ ጠበቀችው።

«ጠይቅና ሂድ» አለችው። «ሥራ አለብኝ።»

«ይህ ቤት የማን ነው?»

«አባታችን ለእኔና ለወንድሜ በሽርክና የተወልን ነው። ወንድሜ ለማያውቀው ንግድ ከጣውላ ነጋዴው ተበደረ፣ ከሰረ፣ ተፈረደበት። ነጋዴውም በዕዳው ፋንታ የወንድሜን ድርሻ ልያዝ ብሎ መጣ። እኔ ደግሞ ሒሳቡ ይጣራ ብዬ ከሰስኩ። ፍርድ ቤቱ ሒሳቡ እስኪጣራ ቤቱ ታግዶ በጠባቂ እጅ ይቆይ አለ። ከዚያ ወዲህ በገዛ አባቴ ቤት ሚስማር ለመግዛት ሰው የማስፈቅድ ሆንኩ።»

«ይጠሉት ነበር?»

«አዎ፣ እጠላው ነበር። ግን እሱ እያለ ነጋዴው አንዲት ጣውላ መንካት አይችልም። አጥሬን በገዛ እጄ የማፈርስ ሞኝ እመስልሃለሁ?»

«ትናንት ሲመሽ ምን ሠሩ?»

«ጠረጴዛውን ቀብቼ ወጣሁ።»

ወደ ጠረጴዛው ወሰዳት። መዳፏን አሳረፈችበትና ፊቷ ተለዋወጠ። ለሟቹ ያልመጣው እንባ ለጠረጴዛው መጣ።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገው? ሳይደርቅ ተጠርጓል እኮ! ቫርኒሽ እርጥብ እያለ እዚህ ክፍል መጥረጊያ አይነሳም፤ ሰጋቱራው ይቦንና ይለጠፋል። ለዚህ ነው አስቀድሞ ወለሉ ላይ ውሃ የሚረጨው።»

«ማን ይረጨዋል?»

«ዘበኛው። ከእሱና ከእኔ በቀር እዚህ ክፍል ማንም አይሠራም።»

«ወንድምዎስ?»

«እሱ ሱቅ ነው» አለች ቆረጥ አድርጋ።

ጣውላ ነጋዴው በራፉ ላይ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሲበሳጭ ተገኘ። ያበሳጨው የሞተ ሰው ሳይሆን የቆመበት ሥራ ነው።

«ትናንት ዕቃ ሊጭኑ መጥተው ነበር አሉ» አለው ወንፊት።

«መጣሁ፣ ጠባቂው መለሰኝ። ‹ድርሻ ማለት ጣውላ አይደለም፤ የቤቱ ዕዳ ሁሉ ተከፍሎ የሚተርፈው ነው› አለኝ። ጠበቃዬን ብጠይቀው እሱም ልክ ነው አለ። ሒሳቡን ሰሞኑን ሊጨርስልኝ ነበር እኮ። አሁን ሌላ ጠባቂ ይሾማሉ፣ እሱም ከሀሁ ይጀምራል። የሰውየው ሞት የጎዳው እኔን ነው።»

«ለወንድምየው የገቡለት ቃል ነበር?»

ነጋዴው መሪውን ሲደባብስ ቆየ። «ድርሻው እጄ ከገባ ዕዳውን እሰርዛለሁ፣ ሱቁንም ለብቻህ አስይዝሃለሁ ብዬዋለሁ። ይህ ወንጀል ነው?»

«አይደለም» አለ ወንፊት። «አስቀያሚ ነው እንጂ ወንጀል አይደለም።»

ታናሽ ወንድምየው ከፊት ለፊት ባለው ሱቅ ወንበርና ጠረጴዛ ይሸጣል። ሠራተኞቹ «ከረባት» ይሉታል፤ አስሮት ይተኛል እያሉም ያሙታል። ዛሬ ግን የሸሚዙ ኮሌታ ክፍት ነው። ወንፊት ሲገባ በጫማው ይዞት የመጣው ቆሻሻ ወለሉ ላይ ተራገፈ። ሰውየው እያወራ ጠረገው።

«እንግዲህ ጠባቂው ካረፈ እግዱ ተነሳ ማለት ነው፣ አይደል?» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። ጠባቂ ሳይኖር ምን ይጠበቃል?»

«ድርሻህ ቢያዝብህ አትቆጭም?»

«ድርሻ ይሉታል እንዴ ይሄን? ስሙ ነው እንጂ የእኔ፣ ቤቱ የእትዬ ነው። ነጋዴው ቢወስድልኝ እገላገላለሁ።»

«ቫርኒሽ ክፍል ትገባለህ?»

«እኔ? ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ ደጃፉን እንኳ አታስረግጠኝም።»

ይህን ብሎ መጥረጊያውን ጭራውን ወደ ላይ አድርጎ ምስማሩ ላይ ሰቀለው። ወንፊት አመስግኖት ወጣ። ዘበኛውንም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው።

«ሠራተኞቹ ከሄዱ በኋላ ማን ነበር?»

«ነጋዴው በር ላይ ተሳድቦ ሄደ። እትዬ ቀብተው ወጡ። ወንድማቸው ሱቁን ዘግቶ ለጠባቂው የምነግረው አለ ብሎ ገባ። ሲወጣ ግን አላየሁም፤ ለራት ገባ ብዬ ነበር።»

እኩለ ቀን ላይ ሁሉም በመጋዙ አዳራሽ ተሰበሰቡ። አዛዡ ፖሊሶቹን አስከትሎ፣ ካቴናውን ይዞ ከእህትየዋ ጎን ቆመ። የተሰበሰቡት ሁሉ እርስ በርሳቸው የሚተያዩት በአውሬ ዓይን ነበር።

«ገዳዩ ከመታ በኋላ ቁም ሳጥኑን ጎትቶ ጣለበት» ሲል ጀመረ ወንፊት። «ወለሉ እርጥብ ስለነበር በጫማው ይዞት የገባው ሰጋቱራ ዱካ ሠራ። ዱካውን ለማጥፋት ጠረገ። ከጫማው የረገፈው ደረቅ ሰጋቱራ ቦነነ፤ ጠረጴዛው ግን ገና አልደረቀም ነበር።»

«ታዲያ?» አለ አዛዡ።

«ታዲያ ሴትየዋ አይደሉም። አንገታቸው ቢቆረጥ እዚያ ክፍል መጥረጊያ አያነሱም። ዘበኛውም አይደለም፤ ውሃውን የሚረጨው ራሱ ነው፣ ለምን እንደሚረጭም ያውቃል።»

«እኔን ልትል ነው?» አለ ነጋዴው።

«እርስዎ መጥረጊያውን መሬት ጥለውት ይሄዱ ነበር። ይህ ሰው ግን ጭራውን ወደ ላይ አድርጎ ሰቀለው። እትዬ፣ እዚህ ቤት እንዲህ የሚሰቀለው ለምንድን ነው?»

«ጭራው እንዳይጣመም» አለች ቀስ ብላ። «ማንም የሠራበትን ሳይጠርግና መጥረጊያውን ሳይሰቅል አይወጣም። ሥርዓቴ ነው።»

«የቤቱን ሥርዓት ያውቃል፣ የዚያን ክፍል ግን አያውቅም። እዚሁ አድጓል፣ እዚያ ግን እንዳይገባ ተከልክሏል። ደግሞም ጠባቂው ሲሞት እግዱ አብሮ የሚሞት መስሎታል። ጠባቂው ሰው ነው እንጂ ጥበቃው የፍርድ ቤቱ ነው፤ ነጋዴው ሌላ ጠባቂ እንደሚሾም ያውቃሉ። የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።» ወደ ከረባት ዞረ። «ጎንበስ ብለህ ከጠረጴዛው ስር ስትጠርግ ጠርዙ ላይ ምን ተለጠፈ? ከረባትህ የት አለ?»

ሰውየው እጁን ወደ ኮሌታው ሰደደ። ከዚያም አወረደው።

«ሰጋቱራ ማጠራቀሚያው በርሜል ውስጥ ነው» አለ። «ለምኜው ነበር። ድርሻዬን ለነጋዴው ይልቀቁልኝና ልሂድ አልኩት። ‹አንተ ድርሻ የለህም፣ ያለህ ዕዳ ነው› አለኝና ጀርባውን ሰጠኝ። እትዬም በየቀኑ የምትለኝ ይህንኑ ነው። የመታሁት ግን አንዱን ብቻ ነው።»

 አዛዡ ካቴናውን ይዞ ከእህትየዋ ወደ ወንድምየው ተሻገረ፤ አፍሮ ነበር፣ ግን አፍሬያለሁ አላለም።

ነጋዴው ወደ ወንፊት ዞረ። «ድርሻውስ እንግዲህ ምን ይሆናል?»

«እዚያው ነው» አለ ወንፊት። «ፍርድ ቤቱ እጅ። አዲስ ጠባቂ ይሾማል፣ እርስዎም ወረፋዎን ይጠብቃሉ።»

እህትየዋ ወደ ነጋዴው ተራመደች። ሁሉም ስድብ ጠበቀ፤ ለእሱ የቆጠበችው ስድብ ብዙ እንደሆነ ይታወቃል።

«የእኔን ድርሻ ትገዛለህ?» አለችው።

ነጋዴው የሰማውን አላመነም። ይህች ሴት አንዲት ሳንቃ እንዳይወስድባት ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ያንከራተተችው ናት።

«ለምን?»

«ነፍስ ላጠፋ የሚቆም ደህና ጠበቃ በነፃ አይገኝም።»

«እትዬ፣ ተይው» አለ ወንድምየው።  «የአባዬ ቤት ነው።»

«አንተ ዝም በል።»

ወንፊት መሀል ገባ። ይህን መናገር አልፈለገም፣ ግን ሥራው ነው። «አዲስ ጠባቂ ሳይሾም፣ ፍርድ ቤቱም ሳይፈቅድ መሸጥ አይችሉም።»

«እንግዲያው ሄጄ አስፈቅዳለሁ» አለች። ሽርጧን ፈትታ መጋዙ ላይ ጣለችና ወንድሟን የያዙትን ፖሊሶች ተከትላ ወጣች።