ሰላም ያላለው ጭራቅ

ዳይሬክተሩ አንገቱ ተሰብሮ ከምድር ቤቱ ደረጃ ግርጌ ተጋድሟል። ለፊልም የተከራዩት አሮጌ ቤት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ የሟቹ ሸሚዝ ግን በላብ ርሷል። ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ፣ ስትገባ የማትታየው፣ ስትወጋ ብቻ የምትታወቀው፣ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። በዚህ ብርድ ማን ያልበዋል? ከአንገቱ ላይ አንዲት ጥቁር ሰው ሠራሽ ፀጉር ለቀመች።

ካሜራማኑ ጣቱን ለመቀሰር አልዘገየም።

«ፊልሙ ሕፃን ሊበላ ስለሚመጣ ጭራቅ ነው። ጭራቁ ደግሞ ያው!» አለ፣ በሩ ላይ የቆመውን ረጅም ተዋናይ እያሳየ። «ትናንት ከሟቹ ጋር ሊደባደቡ ነበር። ዛሬ እኔ ውጭ ሆኜ ሕፃኗን የምትጫወተው ልጅ ‹ጭራቁ መጣ!› ብላ ስትጮህ ሰማሁ።»

የመርማሪዋ አለቃም በስልክ «በቃ፣ ጭራቁን ይዘሽው ነይ» ብሏታል።

«ለምን ተጣላችሁ?» አለችው ተዋናዩን።

«ልጅቷን የምር አስደንግጣት ሲለኝ እምቢ አልኩዋ! እኔም ልጅ አለኝ እኮ። ሁልጊዜ የጭራቁን ጭንቅላት በእጄ ይዤ መጀመሪያ ሰላም እላታለሁ። እያየችኝ አጠልቀዋለሁ። ከዚያ ከደረጃው ትገፋኛለች፣ ፍራሽ ላይ እወድቃለሁ፣ አብረን እንስቃለን። ዛሬ ልብሱን አልነካሁትም። ጓሮ ብቻዬን ነበርኩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው!»

ጥቁር ፀጉር ያለው የጭራቁ ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል። ውስጡ በላብ ርሷል። ውጪው ደረቅ ነው፤ ሆዱ ላይ ብቻ እርጥብ ሆኖ ሳሙና ሳሙና ይላል። ዚፑ ከኋላ ነው።

ኩሽና ውስጥ የትንሿ ተዋናይ እናት የስድስት ዓመት ልጇን እጅ ትፈትጋለች። ለፊልም ደም የተበጠበጠው ቀይ ቀለም ከልጅቷ ጥፍሮች ሥር አልለቀቀም።

«የኔ ቆንጆ፣ ጭራቁ ዛሬ ሰላም አለሽ?»

ልጅቷ ከንፈሯን ጣለች። «አላለኝም።»

«እባክሽ እህቴ፣ ልጄን ተያት!» አለች እናትየው።

መርማሪዋ ልጅቷን ኩሽና ትታ ሦስቱን ሳሎን ሰበሰበቻቸው። አብሯት የመጣው ፖሊስ ካቴናውን ይዞ ወደ ተዋናዩ ሲራመድ እናትየው ብድግ አለች።

«እሱን ተዉት! የገፋሁት እኔ ነኝ!»

«ቁጭ በይ» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ሟቹ ሲወድቅ ጭራቁን ለብሶ ነበር። ላቡና አንገቱ ላይ የቀረው ፀጉር ይመሰክራሉ። የምር ጩኸት ፈልጎ ራሱ ለበሰው። ግን ዚፑ ከኋላ ነው፤ ማን ዘጋለት?»

ካሜራማኑ አንገቱን ደፋ። «እኔ። ፍራሹንም በካሜራ ይታያል ብሎ አስነሳኝ። በእኔ እንዳይሳበብ ፈርቼ ነው።»

«እና ሰው ልታሳስር ነበር! አፈር አይበላህም?» አለ ተዋናዩ።

«ልብሱንም የሞተ ሰው አያወልቀውም» ቀጠለች መርማሪዋ፣ ወደ እናትየው ዞራ። «ያወለቅሽው አንቺ ነሽ። የገፋሽው ግን አንቺ አይደለሽም። አንቺ ብትሆኚ መዳፍሽ ደረቱ ላይ ያርፍ ነበር። ያጠብሽው የልብሱን ሆድ ነው። እዚያ የነበሩት ቀይ መዳፎች ትንንሽ ናቸው። ልጅቷ እንዳስለመዷት ገፋችው።»

«ዝም በይ፣ ትሰማሻለች!» እናትየው ፊቷን ሸፍና ተንሰቀሰቀች። «ሬሳውን አላሳየኋትም። እኔ ልታሰር፣ ግድ የለኝም። እሷ ግን ሰው ገደልኩ እያለች አትደግብኝ!»

«ሕፃን አይከሰስም። አደጋ ነው። ማስረጃ ስለደበቃችሁ ግን ሁለታችሁም ትጠየቃላችሁ።»

በሩ ሲጥ አለ። ልጅቷ ብቅ አለች።

«ጭራቁ ሞተ እንዴ?»

ተዋናዩ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄዶ የጭራቁን ጭንቅላት በእጁ ይዞ ተመለሰና ፊቷ ተንበረከከ።

«ሰላም የኔ እመቤት። ይኸው አለሁ።»

ልጅቷ ግንባሩን ዳሰሰች። «ሰላም ስላላልከኝ ነው የገፋሁህ።»

«አውቃለሁ» አለ ተዋናዩ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና ይቅር አለችው።