ውኃ የቀዳው ባል

ፖሊሱ አምሳ አለቃ ብዙነህ በቆላው ከተማ ሲቀላ ሰፈር ወደሚገኘው የሸማኔው ዳልጮ ቤት ሲደርስ፣ የሚስቱ የዘሪቱ ሬሳ ነጠላ ለብሶ አልጋው ላይ ነው፤ ባሏ እጁን የኋሊት ታስሮ በሩ ላይ ተቀምጧል። ዘመኑ ፲፱፻፸፱ ነው። አብዮት ጠባቂዎቹ ነገሩን ጨርሰውታል፤ መካን ሚስቱን መርዞ ገድሏል፣ ነገ በጠዋቱ መኪና ወህኒ ይወርዳል።

ብዙነህ ከመናገር ማዳመጥ የሚወድ፣ ሲጸልይም ከንፈሩ የማይንቀሳቀስ ሰው ነው። ከአልጋው ሥር ቅል አነሣ። የአጥሚት ቅሪት፣ ጠርዙ ላይ የደረቀ አረፋ። አሸተተው። ልብስ የሚታጠብበት እንዶድ ነው፤ በስውር ለማስወረድም ይጠጣል። የቅሉን አፍ የወተፈው ቅጠል ገና አልጠወለገም። አገላብጦ አየውና ኪሱ ከተተው።

«አጥሚቱን ማን አመጣው?»

«እንጃ። ትናንት ከገበያ ስመለስ ሆዷን ይዛ አገኘኋት። መናገር አቅቷት ነበር።»

«ቀድሞስ ምን አሟት ነበር?»

ዳልጮ መሬት መሬቱን አየ። «ወባ።»

ለወባ ባል ሁለት ወር ሙሉ ውኃ ይቀዳል? ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል፤ ጀሪካን ተሸክሞ ሲመለስ ጎረምሶች «ዳልጮ፣ መቼ ነው የምትወልደው?» እያሉ ይስቁበት ነበር።

ብዙነህ ጎረቤቷን ባለሱቋን ዙሁራን ለብቻዋ አነጋገራት።

«ወላሂ አምሳ አለቃ፣ አልናገርም ብዬ ምዬላታለሁ።»

«የማሉት ለሟች ነው። ነገ የሚሄደው ግን በሕይወት አለ።»

ዙሁራ ከስኳር ጆንያው ጀርባ የታጠፈ የሐኪም ቤት ወረቀት አወጣች። «የወር አበባዋ አምስት ስድስት ወር ይጠፋል። አረገዝኩ ብላ ስንቴ ተደሰተች፣ ስንቴ አለቀሰች። አገጯ ላይ ፀጉር ይበቅልባታል፤ በኔ ምላጭ ነበር የምትላጨው። ከሁለት ወር በፊት አዲስ አበባ ሐኪሞች ሆዷን ከፍተው አዩት። እንቁላል የሚያድግበት ቦታ ትንንሽ የውኃ ከረጢት ሞልቶበታል አሏት። ቁስሉ እስኪሽር ዕቃ እንዳትሸከም ከለከሏት፤ ውኃ ባሏ የሚቀዳው ለዚህ ነበር። እሷ ግን እየዘመረች ነው የተመለሰችው። ‹ለካ ስም ያለው በሽታ ነው› እያለች።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ባሏና እኔ። ቁስሉን የማጥብላት እኔ ነኝ።»

ሦስተኛዋ ተጠያቂ ከደጋው ከኦቾሎ ለልቅሶ የወረደችው የዳልጮ ታላቅ እህት ሻሺቱ ነች። ዳልጮ ካልወለደ የአባታቸው ቤትና የእንሰት ጓሮ ለልጇ ለኦይታ እንዲሆን ሽማግሌ ተናግሮበታል።

«እትዬ፣ መቼ ወረዱ?»

«ዛሬ፣ መርዶው ሲደርሰኝ።» ከዚያ «ሐኪም አያት?» አለች።

«ያያታል።»

«የወጣ ነገር… አልተገኘም?»

ብዙነህ ኪሱ ውስጥ ያለውን ቅጠል ዳሰሰ።

ከሰዓት በኋላ እዚያው ዳልጮ ቤት ሦስቱንም ከቀበሌው ሊቀ መንበር ፊት አስቀመጠ።

«እንዶድ ያጠጣት ሰው መግደል አልፈለገም፤ ማስወረድ ነው የፈለገው። እንግዲያው አርግዛለች ብሎ ያመነ ሰው ነው። ዳልጮና ወይዘሮ ዙሁራ ግን እንዳላረገዘች ያውቁ ነበር።» ቅጠሉን አወጣ። «አብዮት ጠባቂዎቹ ሙዝ ነው ብለው አለፉት። የመሐል ጅማቱን እዩት፣ ቀይ ነው። እንሰት ነው። እዚህ ቆላ እንሰት አይበቅልም። ገበያ የሚገኘው ደግሞ ቅቤ ተጠቅልሎበት የሚመጣው ነው፤ ይሄ ንጹሕ ነው። ትናንት ከደጋ ተቆርጦ ወርዷል። እትዬ፣ የወረዱት ትናንት ነው። ቀደም ሲል ወንድምዎን ጀሪካን ተሸክሞ አይተውታል፣ ከውኃው ተነሥተው አርግዛለች ብለው ገመቱ። ወባ አሟት፣ በመርዝ ሞተች ለተባለች ሴት ደግሞ ‹የወጣ ነገር› ብሎ ስለ ፅንስ የሚጠይቅ የለም።»

ሻሺቱ ከበርጩማው ተንሸራታ መሬት ተቀመጠች። «አላረገዘችም?»

«አላረገዘችም።»

ሊቀ መንበሩ የዳልጮ ገመድ እንዲፈታ አዘዘ። ዳልጮ እጁን እያሻሸ ወደ እህቱ ዞረ።

«ከአንቺ የደበቅነው ለምን ይመስልሻል እቴ? ‹የተረገመች› የምትያት አንቺ ነበርሽ።»

ከጓዳ ሬሳ የሚያጥቡት ሴቶች ውኃ ጠየቁ። ዳልጮ ጀሪካኑን አንሥቶ ወጣ። በመንገዱ ላይ ጎረምሶቹ ነበሩ፤ ማንም አልሳቀም።