ያልመጣው የፍሬን ጎሚኒ

«አንቺ ነሽ አሉ! ተባረኪ የኔ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ!» ሴትዮዋ የልጅቷን ሁለት ጉንጮች ይዘው ግንባሯን ሳሟት። «ከእንግሊዝ ድረስ ዕቃ አስመጥተሽ መኪናዬን ነፍስ ዘራሽባት!»

አባቷ ገና በሕፃንነቷ «ቡሎኔ» ብሎ ስም ያወጣላት ልጅ ከትምህርት ቤት መመለሷ ነበር። የአባቷ ጋራዥ በር ላይ ደርቃ ቀረች። የምን ዕቃ? ትናንት የእንግሊዙ ሻጭ የጻፉላትን መልእክት ስልኳ ላይ አንብባለች፤ ጥቅሉ ገና ከአገሩ አልወጣም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ወይስ እሳቸው እያለች ስታስብ ምርቃቱ አለቀ። ሴትዮዋም ደስ እንዳላቸው ቢሮ ገብተው ተቀመጡ።

ሴትዮዋ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው። መኪናቸው የቡሎኔ አባት ሳይወለድ የተሠራች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ናት። የፍሬኗ ፓምፕ ውስጥ ያለችው ጎሚኒ አልቃለች። ጎሚኒ ማለት የጣት ቀለበት የምታክል ጎማ ናት፤ ዘይቱን አፍና ግፊቱን የምትይዘው እሷ ናት። መለዋወጫ ሻጮቹ ሁሉ «እንዲህ ያለ ቅርስ እኛ ጋ?» እያሉ ሳቁባት። ቡሎኔ ግን ፓምፑ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በብሩሽ አጽድታ፣ ፎቶ አንስታ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ የማታውቃቸውን ሰዎች ስትለምን ከረመች። በመጨረሻ ባሕር ማዶ ያሉ አንድ ሽማግሌ «አለኝ» ሲሏት ጋራዡ ውስጥ ጨፍራለች።

ወንድሟ መኪናዋን በጨርቅ እየወለወለ ነበር።

«ምንድን ነው ያስገባህባት?» አለችው።

«ቀስ በይ፣ ይሰማሉ።»

«ምንድን ነው ያስገባህባት አልኩህ!»

«የሌላ መኪና ጎሚኒ ነዋ። ዳር ዳሩን ሞርጄ ልክ አደረግኩት። አታካብጂ ባክሽ፣ ቀጥ አድርጎ ነው የሚይዘው።»

ገብታ መሪው ፊት ተቀመጠችና ፍሬኑን ረገጠችው። ያዘ። «አየሽ?» ብሎ ሳቀ። እግሯን ግን አላነሳችም። ፔዳሉ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ከጫማዋ ሥር ቀስ እያለ፣ እየሰመጠ ሄዶ ወለሉን ነካ።

የወንድሟ ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። «አባዬም ያውቃል» አለ ቶሎ ብሎ።

ቡሎኔ ደሟ ፈላ። አባቷ ጭቅጭቁን ሰምቶ፣ እጁ ላይ ያለውን ግራሶ በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«ነገ ቁልቁለቱን ወርደው እህታቸው ጋ ሊሄዱ ነው፤ ቸኩለዋል» አላት ድምፁን ቀንሶ። «ዕቃው ሲመጣ እንቀይርላቸዋለን። እስከዚያ ቀስ ብለው ይነዳሉ።»

«ቁልቁለቱን? በዚህ ፍሬን?»

«ሌላ ጋራዥ ቢወስዷት ከዚህ የባሰ ነው የሚሠሩላቸው።»

«በኔ ስም ነው እኮ የዋሻችሁት! እጅሽ ይባረክ አሉኝ! የትኛው እጄ?»

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ! አባትሽ ነኝ!»

«እና አባቴ ስለሆንክ ሴትዮዋ ይሙቱ?»

አባቷ ጨርቁን መሬት ላይ ወረወረው። ቡሎኔ ጥላው ወደ ቢሮው ሄደች።

«እትዬ፣ አንዴ ይምጡ። መኪናዎ ውስጥ ይግቡና ፍሬኑን ይርገጡት። እግርዎን ግን እንዳያነሱ።»

ሴትዮዋ ፈገግ እንዳሉ ገቡ። ረገጡ። ፈገግታቸው ከፔዳሉ ጋር አብሮ ወረደ።

«ዕቃው አልመጣም» አለች ቡሎኔ። «ይህ የሌላ መኪና ነው።»

ሴትዮዋ ከመኪናዋ ወርደው መጀመሪያ የተቆጡት እሷን ነው። «ታዲያ ቅድም ስመርቅሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«ግራ ገብቶኝ…»

«ግራ ሲገባሽ ትጠይቂያለሽ! ዝም አትይም!»

ይህኛው ከሁሉ በላይ አንገበገባት፤ እውነት ነበርና። ሴትዮዋ ወደ አባቷ ዞሩ። «አንተንስ ምን እንደምልህ አላውቅም። እህቴን ይዤ ልመለስ ነበር እኮ፣ በዚህች መኪና።» የመኪናዋን ቁልፍ ከቦርሳቸው አውጥተው፣ የተዘረጋውን የአባቷን እጅ አልፈው፣ ቡሎኔ መዳፍ ላይ አስቀመጡት። ደህና ዋሉም ሳይሉ ወጡ።

«አሁን ደስ አለሽ?» አላት ወንድሟ።

የንዴት እንባ ዓይኗን አቃጠለው፤ እንዳይወርድ ጥርሷን ነከሰች።

«ቁልፉን አምጪው» አለ አባቷ።

ቡሎኔ ቁልፉን የዩኒፎርሟ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ጎሚኒው ሲመጣ» አለች።

አባቷ ትኩር ብሎ አያት። ሊቆጣት ይሆናል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ የወረወረውን ጨርቅ አነሳ። እሷም እጅጌዋን ሰብስባ የመኪናዋን ኮፈን ከፈተች፤ የተሞረደውን ጎሚኒ ለማውጣት ፓምፑን መፍታት ጀመረች።