ከጉሙ ውስጥ የሚጠራ ድምፅ

ከዋርበርተን ከተማ በላይ ባለው ተራራ ጉሙ ድንገት ወርዶ መንገዱን ዋጠው። አባይነሽ ዞር ስትል ከኋላዋ ይከተሏት የነበሩት አጎቷ ጋሼ ስዩም የሉም።

ጥፋቱ የእሷ ነው። በአዘቦት ቀን ሰንሻይን ሰፈር መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስታሽግ ትውላለች፤ ቅዳሜ ደግሞ ፍሌሚንግተን ሰፈር አማርኛ ለሚማሩ ልጆች የጻፈችውን ታነባለች። የአሁኑ ጽሑፏ ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት ከአባቷ ጋር ወርቅ ፍለጋ እዚህ ጫካ የገባች ልጅ ማስታወሻ ነው፤ ልጅቷም ማስታወሻውም ፈጠራ ናቸው። የማስታወሻውን የመጀመሪያ አሥራ አንድ ቀናት ቤቷ ቁጭ ብላ ጻፈች። ለአሥራ ሁለተኛው ቀን ግን የወርቅ ቆፋሪዎቹን መንገድ በእግሬ ካልረገጥኩ ብላ፣ የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ አጎቷን ከሚኖሩበት ከፖይንት ኩክ እዚህ ድረስ አስነዳች። «ሱዳን በእግሬ የገባሁ ሰው ይቺን ጉብታ ልፈራ ነው?» ብለው ነበር መኪናቸውን ሲያቆሙ።

ዝናቡ ወረደ። ስልኳ ኔትወርክ የለውም።

«አባይነሽ! ነይ!»

የጋሼ ድምፅ ነው፤ ጠዋት መኪናው አጠገብ «ነይ» እያሉ ሲያጣድፏት የሰማችው ያው ሻካራ ድምፅ።

«አቤት ጋሼ!»

ትልቅ ሰው ሲጠራ «የት ነዎት?» ብሎ መጮህ በእነ አባይነሽ ቤት ነውር ነው፤ አቤት ብሎ መሄድ ነው። መንገዱን ትታ በእርጥቡ ቅጠል መሀል ቁልቁል ወረደች። ድምፁ ደግሞ ጠራ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ። ሮጠች። ድንገት ራሷ የጻፈችው ትዝ አላት፦ «አባቴ ከጫካው ጠራኝ፤ አቤት ብዬ ሄድኩ።» የአሥራ አንደኛው ቀን የመጨረሻ መስመር ነበር። እግሯ ግን አልቆመም።

የወደቀ ግንድ ልትሻገር እግሯን ስታነሳ ጥቁር እባብ አንገቱን ቀና አደረገ። ደርቃ ቀረች። እባቡ ተንሸራቶ ሲሄድ ከግንዱ ማዶ መሬት እንደሌለ አየች፤ ገደል ነው፣ ከታች ወንዝ ይጮኻል። ከዚያ ከባዶው ጉም ላይ፣ ሰው ሊቆም ከማይችልበት፣ ድምፁ መጣ።

«አባይነሽ! ነይ!»

ያኔ በስተግራ አንድ ሰው አቃሰተ። የትኛው ነው ጋሼ? ሽማግሌ መፈተን ድፍረት ነው፤ ቢሆንም ጮኸች።

«የእናቴ ስም ማነው?»

«አባይነሽ! ነይ!» አለ ገደሉ።

«የሻረግ...» አለ በግራ በኩል የደከመ ድምፅ። «እህቴ የሻረግ... እግሬን...»

በእሾህና በጭቃ መሀል በእጇ እየዳኸች ደረሰች። ጋሼ ስዩም ጅረት ውስጥ ወድቀው እግራቸው ከግንድ ሥር ገብቷል፤ ውሃው ደረታቸው ደርሷል። ወፍራም ቅርንጫፍ ከግንዱ ሥር ሰክታ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። በሦስተኛው ሙከራ ግንዱ ተነሳላት።

«ሲጠሩኝ ነበር እኮ!»

«እኔ? ራሴን ስቼ ነበር። ማንንም አልጠራሁም።»

የሰማውን ሁሉ የሚቀዳ ወፍ እዚህ ጫካ እንዳለ ታውቃለች። የሰውን ድምፅ በአንድ ጠዋት ይቀዳል ሲባል ግን ሰምታ አታውቅም። ልትጠይቅም አልፈለገች። አዝላቸው ወጣች፤ ወደ ኋላም አላየችም።

መኪናቸውን ለማንም የማይሰጡት ሰው ቁልፉን ሳትጠይቃቸው እጇ ላይ አደረጉላት። ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ዓይናቸው ይከደናል። ቢተኙ እንደማይነሱ ገባት።

«ጋሼ!» አለች እየነዳች።

ጭንቅላታቸው ወደ መስኮቱ ዘነበለ።

«ስዩም!» ብላ ጮኸች፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንደ እኩያ።

«አቤት» አሉ አጎቷ፣ እንደ ልጅ።

እንባዋ መንገዱን ጋረደባት። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ እየጠራቻቸው ነዳች፤ አንድም ጊዜ ሳያጓድሉ አቤት አሏት።