ለክፉ ቀን የተቀመጠ ውሃ

ሴትዮዋን የገደላት የጠጣችው ውሃ ነው።

ቆርቆሮ ኩባያዋ አልጋው ስር ተንከባልሎ ነበር። የደም ግፊት ክኒኗ ራስጌዋ ላይ እንደተከፈተ ቀርቷል። ባሏ እግርጌዋ ተቀምጦ ብርድ ልብሱን ያስተካክልላታል፤ እንዳይበርዳት የሚል ይመስላል። ፖሊሶች ሲገቡ ቀና ብሎም አላያቸው።

"ማነው ውሃውን የሰጣት?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"እኔ ነኝ" አለ ሽማግሌው።

ከዚህ የቀለለ ጉዳይ የሚመኝ መርማሪ የለም። ኢንስፔክተሩን ግን ደስ አላለውም። በዚህ ሥራ ላይ ጸጉሩን ያሸበተ ሰው ነው፤ ሳይፈልጉት እጅ ላይ የሚወድቅ ጥፋተኛ ያሳስበዋል።

ሽማግሌው የመጋዘን ኃላፊ ሆኖ ዕድሜውን የጨረሰ ጡረተኛ ነው። የግቢው ሰው ኖኅ ይለዋል። "ያኛው ኖኅ ከውሃ ሸሸ፣ የእኛው ውሃ ያሸሻል" እያሉ ይሳሳቁበታል። ሳቁ የሚቆየው ታዲያ ቧንቧው እስኪደርቅ ነው። ፎቅ ላይ ባለው ቤቱ፣ ከመኝታ ቤቱ ጀርባ መስኮት የሌላት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ ቢጫ ጀሪካኖች በእንጨት ርብራብ ላይ ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ክዳን ላይ ቀይ ነጥብ ተቀብቷል። ወቅት በተለወጠ ቁጥር ሁሉንም ወደ ግቢው ቧንቧ አውርዶ፣ አሮጌውን ውሃ ደፍቶ፣ አጥቦ እንደገና ይሞላቸዋል። ቁልፉ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። ውሃ ለሚለምነው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ "ይሄ ለክፉ ቀን ነው።"

አንድ ሌላ ሕግም ነበረው፤ ይህንንም ግቢው ሁሉ ያውቀዋል። አዲስ ጀሪካን ሲከፈት መጀመሪያ የሚቀምሰው እሱ ራሱ ነው።

ያን ሰሞን ውሃ እንደገና ጠፋ። ሽማግሌው ከፊት ያለውን ጀሪካን ከፈተ። ምርመራው በጀሪካኑም በኩባያውም ውስጥ የተባይ መርዝ አገኘ። የቀሩት ጀሪካኖች ንጹህ ነበሩ።

"ሁልጊዜ የሚቀምሰው ማነው?" ሲል ኢንስፔክተሩ ጠየቀው።

"እኔ።"

"የዚያን ዕለትስ?"

"ጉንፋን ይዞኝ ነበር። አፍንጫዬም ምላሴም አይሠራም ነበር። አንቺ ቅመሺልኝ አልኳት።"

"ምን አለች?"



"መረረኝ አለች።"

"እርስዎስ?"

"የመረረሽ ክኒኑ ነው፣ ጨልጪው አልኳት።"

"ጨልጪው" የሚለውን ጎረቤትም በግድግዳ በኩል ሰምታለች። የኢንስፔክተሩ ምክትል ወጣት ነው፤ ጉዳዩን በልቡ ዘግቶ ጨርሷል። ቁልፉ የእሱ፣ ጀሪካኑ የእሱ፣ ምልክቱ የእሱ፣ ያጠጣትም እሱ። ሌላ ምን ቀረ? ሽማግሌውን አስረው ወሰዱት። በዚያ ዕድሜው ከተፈረደበት በእግሩ እንደማይወጣ ሁሉም ያውቃል። የግቢው ሰው ግን ከንፈር የመጠጠው ለሟቿ ብቻ ነው።

ከዚያ የባለጋሪው ነገር ተሰማ። ባለጋሪው ውሃ በጠፋ ጊዜ ከየትም ቀድቶ በየሰፈሩ የሚሸጥ ሰው ነው። ሽማግሌው "ቆሻሻ ነው የምትሸጠው" ብሎ ከግቢው አባርሮታል፤ እሱም በሩ ላይ ቆሞ "በውሃህ ያንቅህ" ብሎ ተራግሟል። ምክትሉ በደስታ ሊይዘው ሮጠ። የተገኘው ሆስፒታል ነው፤ ጀሪካኖቹ ለመጨረሻ ጊዜ ከመሞላታቸው በፊት ጀምሮ የተሰበረ እግሩ ተሰቅሎ ተኝቷል። "በአፌማ ስንቱን ገድያለሁ" አለ ባለጋሪው፣ አላፈረም።

ኢንስፔክተሩ ወደ ጀሪካኑ ተመለሰ። ውሃው ተገልብጦለት ባዶውን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ የእጅ ባትሪ አበራበት። ከውስጥ በአንድ ጎኑ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል። ሌላው ጎኑ ንጹህ ነው። የቀሩትን አንድ በአንድ አየ፤ አንዳቸውም እንዲህ አይደሉም።

ወደ እስር ክፍሉ ወረደ።

"ጀሪካኖቹን ፀሐይ ያገኛቸዋል?"

"ፀሐይ ያየ ውሃማ አረንጓዴ ያበቅላል" አለ ሽማግሌው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ የተናቀ መሰለው። "ለዚህ አይደል ጨለማ ውስጥ የማስቀምጠው?"

"ከዚያ ክፍል ወጥቶ የሚያውቅ ጀሪካን አለ?"

ሽማግሌው ቀስ በቀስ አወራ። ባለፈው ትልቁ የውሃ መጥፋት ጊዜ አንድ ጀሪካን ጎድሎበት ነበር። ቤቱን አተራመሰው፣ ሚስቱን ተቆጣ፣ የበሩን ቁልፍ አስቀየረ። እሷ "ቆጠራ ተሳስተህ ይሆናል" ብላው ዝም አለች። አሁን በቅርቡ ጀሪካኖቹን ቧንቧው ዘንድ ደርድሮ ሞልቶ፣ ሁለት ሁለት እያንጠለጠለ ሲያስገባ ቁጥሩ ልክ መጣ።

"እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።"

"ዕድሜ ልክዎን መጋዘን ሲቆጥሩ ኖረው?"

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ።

እንግዲህ ጀሪካኑ ወጥቷል፤ ሌላ ቦታ ከርሟል፤ ሽማግሌው ወደ ቤት ሲመላለስ ደግሞ አንድ እጅ ከተደረደሩት ጋር ቀላቅሎታል። ቀይ ነጥቡን ያየ ሽማግሌ ምን ይጠረጥራል? ያወጣው ሰው ግን ሌላ መሆን አለበት። ከአንገት የማይወርድን ቁልፍ ሊያወርድ የሚችለው አጠገብ የሚተኛ ብቻ ነው።

ግቢው ውስጥ የጠዋት ፀሐይ የሚመታው አንድ በረንዳ ብቻ ነው። ከሽማግሌው ቤት ስር የምትኖር የአንዲት ልብስ ሰፊ ነው። ኢንስፔክተሩ ሲደርስ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ እየሰፋች ነበር። ከጎኗ ያለው ግድግዳ ሰማያዊ ቀለሙ በፀሐይ ነጥቷል፤ ከታች ግን የጀሪካን ቁመት ያህል ቦታ ላይ ቀለሙ እንደ አዲስ ነው። ዓይኑ እዚያ ላይ ሲያርፍ የመኪናው ድምፅ ቆመ።

"እህቴ፣ እዚህ ምን ነበር የተቀመጠው?"

"ውሃ።"

"የማን ውሃ?"

"የልጄ" አለች።

አልካደችም። እንዲያውም የሚጠይቃት ሰው ሲዘገይባት የቆየ ይመስል ነበር። በዚያ በትልቁ የውሃ መጥፋት ጊዜ ሕፃን ልጇን አዝላ የሽማግሌውን በር አንኳኳች። ለጡጦ የሚሆን ንጹህ ውሃ ነው የለመነችው፤ አንድ ጠርሙስ ቢሆን ይበቃት ነበር። ለክፉ ቀን ነው ብሎ ዘጋባት። ከባለጋሪው ገዛች። ልጁ ያስመልሰውና ያስቀምጠው ጀመር፤ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ጀርባዋ ላይ አረፈ። በማግስቱ ምሽት የሽማግሌው ሚስት ጀሪካን በጨርቅ ሸፍና መጣች። ቁልፉን ባሏ ተኝቶ ሳለ ከአንገቱ ፈትታ ነው። አንድ ቀን ዘግይታ። ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ።

ልብስ ሰፊዋ ያን ውሃ ልትጠጣውም ልትደፋውም አልቻለችም። በረንዳው ላይ አኖረችው። ልብስ ስትሰፋ ዋለች፣ ስታየው ዋለች፤ ውሃውም እሷም እዚያው ሻገቱ።

"የእኔ ክፉ ቀን ቀን አልነበረም ወይ?" አለች። "ልጄን አዝዬ ደጁ ስቆም፣ ሌላ ምን እስኪመጣ ነበር የሚጠብቀው?"

"መርዙን ጨምረሽበት መለስሽው።"

"መለስኩት። ከዚያ ውሃ እንዲጠፋ ስጸልይ ከረምኩ።"

"የጠጣችው እሷ ናት እኮ።"

"የሚቀምሰው እሱ ነው!" አለች። "ሁልጊዜ እሱ ነው የሚቀምሰው። ማን አያውቅም? እትዬ... ከእኔ ጋር ያለቀሰች እትዬ ብቻ ናት። ሬሳዋ ሲወጣ እዚሁ ተቀምጬ አየሁ። መቆም አቃተኝ።"

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ያልተጨረሰውን ቀሚስ አጣጥፋ መኪናው ላይ አኖረችና እጆቿን ዘረጋች። ምክትሉ ካቴናውን አስገባላት።

ሽማግሌውን ከእስር ያወጣው ኢንስፔክተሩ ራሱ ነው። አስቀምጦ ሁሉንም ነገረው፤ የሚስቱን ሌብነት፣ የልብስ ሰፊዋን በረንዳ፣ የሕፃኑን ሞት። አላለዘበለትም፤ ማለዘብም አልፈለገም። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ሚስቱ ቁልፉን እንዴት እንደፈታች ሲሰማ እጁ ወደ አንገቱ ሄደ፤ ቁልፉን ግን ፖሊስ ስለወሰደው እጁ ባዶውን ተመለሰ።

"ነፃ ነዎት አባቴ። መሄድ ይችላሉ።"

አልተነሳም።

"ያ ልጅ" አለ፣ "ስሙ ማን ነበር?"

ኢንስፔክተሩ ሊመልስ አፉን ከፈተ። የሴትየዋን ቃል ሁሉ በእጁ ጽፎታል። ከላይ እስከ ታች "ሕፃኑ" እያለ ነው የጻፈው።

"አላውቅም" አለ።

"ከወለሌ ስር ነበር እኮ የሚኖሩት። ሲያለቅስ ይሰማኛል። ዝም አሰኚው ብዬ ወለሉን በዱላ እመታ ነበር።" ሽማግሌው አቀርቅሮ አለቀሰ። "እሷ ግን ስሙን ታውቀው ነበር። ሚስቴ። በስሙ ስትጠራው እሰማለሁ፤ ልብ ብዬ አላዳመጥኩም።"

 ኢንስፔክተሩ ብዕሩን አንስቶ ሴትየዋን ሊጠይቃት ወደ እስር ክፍሉ ወረደ።